ማን ነው ቀድሞ የነካቸው?

ሚጢ ትምህርት ከጨረሰች ገና ሦስት ወሯ ነው። የላቦራቶሪ ሥራዋን ስትናገር ሰው ሁሉ ይስቅባታል፤ ቀንድ አውጣ መነካካት! በቀጭን ብሩሽ ቀንዳቸውን ነካ ታደርጋለች፣ እነሱ ሽምቅቅ ይላሉ፣ እሷ ስንት ሰከንድ እንደተሸማቀቁ ትጽፋለች። በመጀመሪያው ንክኪ ሃያ ሰከንድ፣ በአሥረኛው ሁለት። ደክሟቸው እንዳይመስላችሁ! ንክኪውን የሚሰማው ነርቭ፣ ጡንቻ ለሚያንቀሳቅሰው ነርቭ መልእክት ያቀብላል፤ ያው ነገር ሲደጋገም ግን የሚያቀብለው እያነሰ ይሄዳል። አድረው ሲያርፉ እንደ አዲስ ይደነግጣሉ።

በዚህ ሳምንት ግን ጉድ ፈላ። ገና በመጀመሪያው ንክኪ ሦስት ሰከንድ!

የላቦራቶሪው አለቃ፣ ዶክተሯ፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። «የኔ እመቤት፣ ይሄን እዚህ ነው የሞላሽው ወይስ አልጋሽ ላይ?»

«እናቴን! እዚሁ ነው ዶክተር።»

«እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

ሚጢ መዝገቧን ደጋግማ አየች። ቀንድ አውጣ አይዋሽም! ከእሷ በፊት እየመጣ የሚነካካቸው ሰው አለ ማለት ነው። መጀመሪያ የጠረጠረችው የጽዳት ሠራተኛዋን ነው።

«እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት የቀንድ አውጣዎቹን ሳጥን ይነካሉ እንዴ?»

«ያንን ዝልግልግ? እኔ? ኧረ በስመአብ!»

ሚጢ አላመነቻትም። ለመካድ ምን እንደዚህ አስቸኮላት?

ሐሙስ ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድማ መጣች። መብራቱ በርቷል። ቀስ ብላ በሩን ገፋ ብታደርገው ዶክተሯ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ብሩሽ ይዛ አጎንብሳለች።

«ስምንት... ዘጠኝ...»

«ዶክተር?»

ብሩሹ ከእጇ አመለጠ። «እ... ሁሌ ሃያ ሃያ ስትጽፊ ጊዜ ተጠራጠርኩ። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ደጋግሜ እየነካሁ ሳጣራ ነበር።»

«ታዲያ እርስዎ መጀመሪያ ሲነኳቸው ስንት ቆዩ?»

ዶክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሃያ አንድ።» ከዚያ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ወይኔ! ስንት ዓመት ሙሉ ይሄንኑ እያስተማርኩ...»

ሚጢ መዝገቡን ገለጠች። «ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በየጠዋቱ ቀድመው ተነክተዋል። በማን ልበል?»

«በእኔ በይ።»

ጻፈችው። አስፈረመቻት። ዶክተሯ ስትፈርምም ሚጢ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም።

«ነገ እንደ አዲስ እንጀምራለን» አለች ዶክተሯ።

«እሺ» አለች ሚጢ፣ መዳፏን ዘርግታ። «መጀመሪያ ግን የበሩን ቁልፍ ይስጡኝ።»