ለሦስት እንጉዳዮች የሚበቃ ብርሃን

የዘነበ እንጉዳዮች መንጣት የጀመሩት አዲሱን መብራት በሰቀልኩ በአምስተኛው ቀን ነው። እንጉዳይ የምላቸው መልካቸው ስለሚመስል እንጂ ኮራል ናቸው፤ ጨው ውሃ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክሉ አረንጓዴ ፍጥረቶች። ሦስት ናቸው። ኦክላንድ ሳሎናችን ውስጥ ባለችው ትንሽ የመስታወት ገንዳ ከነሱ በቀር ሌላ ኮራል የለም።

ዘነበ የሚኖረው ሳን ሆዜ ነው። ይሄን ነገር ያስለመደኝም እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ከትልቁ ገንዳው ሦስቱን ቆርሶ ሲሰጠኝ፣ «ስጦታ እንዳይመስልህ» አለኝ። «የኔዎቹ አንድ ቀን ቢያልቁ ካንተ ቆርጬ እወስዳለሁ። ኮራል ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ዘሩን ሰው ቤት ያስቀምጣል።»

ያ ቀን መጣ። ዘነበ ለልብ ኦፕሬሽን በተኛበት ሳምንት የሚኖርበት ሕንፃ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ፤ ዐሥር ዓመት ያሳደገው ኮራል በሙሉ አለቀ። ከአልጋው ሆኖ ደወለልኝ።

«ሳህሉ፣ ያንተዎቹ አሉ አይደል?»

«አሉ» አልኩት።

ስልኩን ይዤ የቆምኩት ገንዳው ፊት ነበር። መኖሩንስ አሉ። ግን ጠርዛቸው ተሸብሽቦ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ አረንጓዴያቸው ለቅቆ ውሃ የነካው ወረቀት መስለዋል።

እኔ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት አንብቤና ሰምቼ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሪችመንድ ማውንቴን ቪው በመኪናዬ ሰው ሳመላልስ እውላለሁ፤ ተሳፋሪ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። ስለ መብራት ሦስት ወር አነበብኩ፤ ደብተር ሞላሁ። ከገንዳው ጋር የመጣው መብራት ደካማ ነው። ኮራልን ደግሞ ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተክሎች ብርሃኑን ምግብ እያደረጉ ነው የሚቀልቡት። እንግዲህ ብርሃን ምግብ ከሆነ ቢበዛ ምን ይጎዳል? በየማለዳው አምላኩን ብርሃን የሚለምን ሰው፣ ብርሃን ይበዛል ብሎ እንዴት ያስባል? ኃይለኛውን ገዛሁ። ሲነጡ ጊዜ ደግሞ ራባቸው ብዬ ከሃምሳ ፐርሰንት ወደ ሰማንያ ከፍ አደረግሁት።

በዚያው ሰሞን ማኅበሩ እኛ ቤት ደረሰ። ሰዉ ጸሎት አድርሶ፣ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ገንዳው ፊት ተኮለኮለ። «አቤት ሲያምር!» «ይሄ ነገር ይተነፍሳል እንዴ?» የባለቤቴ እናት እማማ የወርቅውሃ ሶፋው ጥግ ተቀምጠው ከንፈራቸውን ሲነክሱ አየሁ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ፣ ከመብራቱ ሥር፣ የገንዳው የመስታወት ክዳን ላይ ነጠላቸው ታጥፎ ተዘርግቷል።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ነጠላ ነዋ። አይታይህም?»

«ማለቴ፣ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ያ ሁሉ ሰው ትናንት አፍጥጦበት ዋለ። ይኸው፣ ነጣ። ዓይን ነው የበላው።»

«እማማ፣ እኛ እኮ የምንጸልይ ሰዎች ነን።»

«አልጸለይኩም አልኩህ? ጸልዬ ነው ያለበስኩት።»

አንስቼ፣ አጥፌ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ተመልሶ ለብሷል። እሳቸው ጠዋት ሲያለብሱ፣ እኔ ከሥራ ስመለስ ስገፍፍ ዐሥር ቀን ሞላን። ልጄ ሶልያና እንኳን «ዳድ፣ ጀስት ሊቭ ኢት፤ በቃ ተወው» አለችኝ።

የውሃ ማጣሪያው ቧንቧ በግራ በኩል ስለሚገባ ነጠላው ያን ጥግ አይሸፍንም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ላነሣው ስል እጄ ቀጥ አለ። በግራ ካሉት ሁለቱ፣ አንዱ ሙሽሽ ብሎ ከድንጋዩ ሊለቅ ደርሷል፤ ሌላው እንደነጣ ነው። በቀኝ በኩል፣ ነጠላው ሥር የዋለው ግን ተዘርግቷል፤ መሃሉ ላይ አረንጓዴው መለስ ማለት ጀምሯል።

ውሃው ያው፣ መብራቱ ያው። የለያቸው አንድ ነጠላ ነው። የበላቸው የማኅበርተኛው ዓይን ሳይሆን የኔ መብራት ነው።

ወዲያው ለዘነበ ደወልኩ።

«አሉ ያልኩህ... ዘነበ፣ እየሞቱብኝ ነው።»

«መብራቱ ስንት ላይ ነው?»

«ሰማንያ።»

«ሰማንያ! ሰውዬ፣ ልትጠብሳቸው ነው እንዴ? እንጉዳይ እኮ ጥላ ነው የሚወደው። ለጀማሪ የሚሰጠውም ለዚህ ነው፤ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል። ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ታመህ ተኝተህ እንዴት...»

«የቀደዱት ደረቴን ነው፣ አፌን አይደለም! የሰው ወሬ ሁሉ ስትሰማ ትውላለህ፤ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ያቅትሃል?»

የእማማን ነጠላ ነገር ነገርኩት። እየሳቀ፣ ሲስቅ ቁስሉ እያመመው አስረዳኝ። ሃያ ላይ አውርደው፤ ሰማያዊውን አብዛ፣ ነጩን ቀንስ፤ በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ ይብራ። «ነጠላውን ደግሞ እስኪያገግሙ እንዳትነካው። እኛም ለዚሁ ሥራ ስስ መረብ እናለብሳለን። እማማን ሳምልኝ።»

ወደ እማማ ሄድኩ። «እማማ፣ በቧንቧው ዙሪያም አድርገው ግራውን ይሸፍኑልኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አመንክ?»

«ዓይኑን አይደለም። ጥላውን ነው ያመንኩ።»

«ያው ነው» አሉና ተነሡ።

አንዱ እንጉዳይ አልተረፈም። ዘነበ ሐኪሙ ፈቅዶለት ኦክላንድ የመጣው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ከስቷል፤ ደረቱን በእጁ ደግፎ ቀስ ብሎ ገንዳው ፊት ተንበረከከ። በግራ ያለው የአረንጓዴውን ግማሽ መልሶ አግኝቷል። የቀኙ የጠርሙስ ቆርኪ አክሏል፤ እግሩ ሥር ደግሞ ምስር የምታክል ልጅ ወልዷል።

«ያቺ ያንተ ናት» አልኩት።

አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ።

«አሁን አልወስዳትም» አለ። «ትጠንክር። እኔም ልጠንክርና ገንዳውን ላዘጋጅላት።» ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ፣ «አቤት ማማሯ!» አለ።

እማማ የወርቅውሃ ከሶፋው ሰሙት። ነጠላቸውን ከትከሻቸው እያወረዱ ወደ ገንዳው መጡ። አንደኛውን ጫፍ እኔ ያዝኩላቸው።