ጥቀርሻ የጠበቀው ሬዲዮ

ከማሉ ቡታጅራ ገበያ ዳር ማሾ የሚባለውን የላምባ መብራትና ፕሪመስ ምድጃ የሚጠግን ሰው ነበር። እጁ ላምባ ላምባ ይሸታል፤ ልቡ ግን ሬዲዮ ጋ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚዘፍነውን አዲሱን ትራንዚስተር አይደለም የሚወደው። እሱ የሚወደው አሮጌውን፣ ሁለት ሰው የሚሸከመውን፣ ሆዱ ውስጥ የመስታወት አምፖሎች የተደረደሩበትን ነው። በተለይ አማተሮች የሚሠሩበትን ዓይነት። አማተር የሚባለው ለዜና ወይም ለዘፈን ሳይሆን፣ ቤቱ ተቀምጦ በገዛ መሣሪያው ከማያውቀው አገር ሰው ጋር የሚነጋገር ሰው መሆኑን ከሰማበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

1959 ዓ.ም. ሲገባ እንዲህ ያሉ ዘጠኝ ሬዲዮዎች ነበሩት። ከዘጠኙ አንዱም አይናገርም።

"ዘጠኝ እንግዳ አስቀምጠህብኛል፤ አንዱ እንኳ እንደምን አደርሽ አይለኝም" ትለዋለች ሚስቱ ሳሌሃ። ትስቃለች እንጂ አትቆጣም።

የአንዱ ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበዋል። አምና ወልቂጤ፣ አንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ ያገኘው ነው። በደስታ ሰክሮ፣ ባለቤቱን አንዲት ቃል ሳይጠይቅ መኪና ላይ ጭኖ ይዞት መጣ። ቤት እንደደረሰ በላምባ አጠበው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። እንደ አዲስ ድስት አበራ። የቁልፎቹ ቁጥርና ጽሑፍ ግን አብሮ ተፍቆ ጠፋ። በዚያ ላይ ቸኩሎ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘውና ቤቱ በጭስ ተሞላ። ኋላ ሲያጣራ፣ ከሬዲዮው ጋር የሚሄድ ሌላ ሣጥን ነበረው፤ የባትሪውን ኃይል ለሬዲዮው በሚስማማው መጠን የሚለውጥ። እሱን ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ትቶት መጥቷል። ተመልሶ ሲሄድ ሣጥኑ ለብረት ቀጥቃጭ ተሰጥቶ ጠበቀው።

ኅዳር ላይ ታዲያ ዘይባ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ማሾዋን ልታሠራ መጥታ ዘጠኙን ሬዲዮዎች አየችና ቆም አለች።

"ይህን የመሰለ አጎቴ ቤት አለ" አለች። "ቆጡ ላይ። የዘር እህል እናስቀምጥበታለን።"

ከማሉ ፒንሳውን ጣለ። "መስኮት አለው? ክብ መስኮት?"

"ይኖረዋል። ጥቀርሻው አያሳይም።"

በማግስቱ ማለዳ ሁለቱም በእግር ወደ መስቃን ገጠር ወጡ። አጎትየው አቶ ሽፋ እንሰት ሲኮተኩቱ አገኟቸው። ሰላምታው አልቆ ወደ ቤት ሲገቡ ከማሉ ቀና ብሎ ቆጡን አየ። ጥቁር፣ ሙሉ ሣጥን! ዘሎ ሊያወርደው ምንም አልቀረውም። የወልቂጤው ትዝ አለውና ራሱን ገትቶ ተቀመጠ።

"አባቴ፣ ይህ ነገር ከየት መጣ?"

አቶ ሽፋ ጠያቂ በማግኘታቸው ደስ አላቸው። "እንግሊዞች ጣሊያንን ሊያባርሩ ሲያልፉ መኪናቸው ማጥ ውስጥ ቀረ። በሬ ጠምደን አወጣንላቸው። ሸክሙን ለማቅለል የጣሉት ነው። 'ውሰደው' አሉኝ በእጃቸው።"

"አብሮት የነበረ ሌላ ነገር አለ?"

"እንዴ! ወንድሙ አለ እንጂ!" ብለው ከበሩ ኋላ ሳንቃው እንዳይዘጋ የተደገፈበትን ትንሽ፣ ከባድ ሣጥን በእግራቸው ገፉለት። ከምሰሶው ላይ ደግሞ በጠፍር የታሰረ የጆሮ ማዳመጫ አወረዱ።

ከማሉ መጮህ ቃጣው። ሙሉ! ከነወንድሙ፣ ከነጆሮው! ሦስቱንም በአንድ ማሾና "ዕድሜ ልክዎን በነፃ እጠግንልዎታለሁ" በሚል ቃል ወሰደ።

ቤት ሲደርስ ላምባውን ራሱ ሳሌሃ እጅ ሰጥቶ፣ "ብለምንሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ" አላት። ጥቀርሻውን በደረቅ ጥጥ፣ ጣት የምታህል ቦታ እየያዘ፣ ቀስ እያለ ጠረገ። አራት ቀን ፈጀበት። ከስሩ ነጭ ቁጥር ወጣ፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ፊደል፤ ከፊደሉ ቀጥሎ ጭረት ያልነካው መስታወት። ሃያ አምስት ዓመት የጎጆ ጭስ ዝገቱንም ብሉንም ከልክሎለት ኖሯል! ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ሣለ። ከዚያ በኋላ ብቻ ባትሪውን አገናኘ።

ትንሹ ሣጥን እንደ ንብ ቀፎ እምም አለ። አምፖሎቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ሳሌሃ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ከማዳመጫው ግን የወጣው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሽሽሽ። ከማሉ ትዕግሥቱ አለቀና ካቻቢቴ ይዞ ሊፈታው ሲል ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ደረሱ። ከመንዝ መጥተው ቡታጅራ ስልክ ቤት የሚሠሩ ሴት ናቸው፤ አባታቸው ቴሌግራፈኛ ስለነበሩ በአጭርና በረጅም ድምፅ ፊደል የሚላክበትን ሞርስ በልጅነታቸው ተምረዋል፤ እንግሊዝኛም ያውቃሉ። ወሬውን ሰምተው ነው የመጡት።

"አስቀምጠው!" አሉት ካቻቢቴውን እያዩ። "ሽቦው የታል?"

"የቱ ሽቦ፣ እትዬ?"

"የውጭው ነዋ፣ አንቴናው! ጆሮ ሳትሰጠው ስማ ትለዋለህ?"

ከማሉ አፈረም፣ ሳቀም። አምስት ዓመት ሙሉ ሣጥኑን እንጂ አየሩን አስቦ አያውቅም ነበር። ያን ቅዳሜ ከጣሪያው ጫፍ እስከ ጎረቤት ባሕር ዛፍ ድረስ ረጅም ሽቦ ዘረጋ። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቁልፉን አዞረ።

"ያ አላህ!"

ሞልቷል! ዐረብኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ሙዚቃ፣ የማያውቀው ቋንቋ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቤቱ የገቡ ይመስላል። ትንሽ ሲያዞር ደግሞ ቲ-ታ-ቲ-ታ የሚል ቀጭን ፉጨት መጣ። ማዳመጫውን አውልቆ ለወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ወረወረላቸው ማለት ይቻላል።

እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እርሳሳቸው ወረቀቱ ላይ መሮጥ ጀመረ።

"የሚሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ እያለ ነው… ቆይ፣ ቆይ! አንዱ መለሰለት መሰለኝ። የመጀመሪያው ስሙን እየነገረው ነው… ራማን። አስተማሪ ነው። ሞምባሳ!"

"ሞምባሳ የት ነው?" አለች ሳሌሃ።

"ኬንያ፣ ባሕሩ ዳር። መሣሪያውን በገዛ እጁ ነው የሠራው። እዚያ ዝናብ እየዘነበ ነው።"

ቡታጅራ ላይ ፀሐይ ግንባር ይመታል። ሞምባሳ የሚዘንበውን ዝናብ ግን በሩ ላይ የተሰበሰበው ገበያተኛ ሁሉ አሁን ያውቃል። ከማሉ ከበሩ ወደ ሬዲዮው፣ ከሬዲዮው ወደ በሩ ይመላለሳል። "የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ተናገረ!" አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ። "ጽፌዋለሁ።"

ሰኞ ዕለት በከማሉ ስም ለራማን ደብዳቤ ላኩለት። የሰሙበትን ሰዓት፣ የሰሙትን ቃል፣ ዝናቡንም ሳይቀር ጻፉ።

ሰባት ሳምንት አለፈ። በስምንተኛው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ነጠላቸው እየተጎተተ፣ ወረቀት ከፍ አድርገው ይዘው በገበያው መሐል ሮጠው መጡ። የዘንባባ ሥዕል ያለበት ካርድ ነው። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡለት።

"ውድ ከማሉ፣ የጻፍክልኝ ሰዓት ከመዝገቤ ጋር በደቂቃ ገጠመ። ከአገርህ የሰማኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። ቡታጅራን ካርታ ላይ ፈልጌ አጣሁት። እባክህ የት እንደሆነ አሳየኝ።"

ከማሉ የሚጠግነውን ፕሪመስ ወዲያ ገፍቶ ወረቀት አነጠፈ። አዲስ አበባን ከላይ አደረገ፤ መንገዱን ወደ ታች ሳበ፤ ጥያን ከነትክል ድንጋዮቿ ሣለ፤ ከዚያ ቡታጅራን፣ ከአዲስ አበባ አስበልጦ።

"ለውጭ አገር ሰው በካርታ እንዲህ ይዋሻል?" አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ እየሳቁ።

ሳሌሃ በትከሻው ላይ አጎንብሳ አየችና ጣቷን ከገበያው አጠገብ አሳረፈች።

"ቤታችንን እዚህ ጋ አድርገው" አለችው። "በሩን በደንብ ሣለው፤ ሰውዬው ከመጣ እንዳይጠፋበት።"