ሬዲዮኑ የሚቆርጥበት ቦታ

«ሬሳው ከቤት እስኪወጣ ድረስ እንኳ ቢታገሡን ምን ነበረበት?» አለች ሄስተር፣ በጠራራ ቀን የተዘጋውን መጋረጃ በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ። ውጭ ወተት አዳዩ ጠርሙሶቹን እያንቀጫቀጨ ያፏጫል። የሚያፏጨውም የሟቹን ዜማ፣ «የፖስተኛውን ብስክሌት» ነው። የዜማው ባለቤት ከመስኮቱ ወዲህ፣ ፒያኖው አጠገብ፣ ሣጥን ውስጥ ተጋድሟል። ወተት አዳዩ ይህን አያውቅም። ዜማውን ሰው የጻፈው መሆኑንም አስቦበት የሚያውቅ አይመስልም።

እናቷ ሚሊሰንት ከጥቁር ቀሚሷ ላይ የኬክ ፍርፋሪ እያራገፈች «ተይው ሄስቲ፤ እሱም ለቅሶ መድረሱ ነው» አለች።

«በፉጨት?»

«አባትሽ ቢሰማው በሩን ከፍቶ አብሮት ያፏጭ ነበር።»

ይህ እውነት በመሆኑ ሄስተር ይበልጥ አረረች። ሬጂናልድ ታፕስኮት እንዲያ ያለ ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው ሰው ድስት ሲያጥብ የሚያንጎራጉረውን ነው፤ ለሬዲዮ ዝግጅት መግቢያ፣ ሲኒማ ቤት ከፊልሙ በፊት ለሚታየው ዜና፣ ቤክስሂል ባሕር ዳርቻ ላይ ነፋሱ እንዳይወስድባቸው በአንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን ይዘው በሌላው አይስክሬም ለሚልሱ ጡረተኞች። ሙያው ቀላል ሙዚቃ ይባላል። ሄስተር «ቀላል» የምትለውን ቃል ስትጠራ አፍንጫዋ ይሸበሸባል። እሷ ለንደን ውስጥ በአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ቪዮላ፣ ከቫዮሊን ተለቅ ያለችውንና ድምፀ ወፍራሟን መሣሪያ፣ ትጫወታለች፤ ከሞተ መቶ ዓመት ያልሞላው አቀናባሪ ገና ጥሬ ነው በሚባልበት ቤት። እዚያ የአባቷን ስም አንሥታ አታውቅም። ሌሎቹ ግን ያውቃሉ፤ አንዳንዴ ልምምድ መሐል አንዱ ከኋላዋ ሆኖ እንደ ብስክሌት ደወል «ቂልል!» ያደርጋል። ሁሉም ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች፤ ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ራት አይበላላትም።

ስለዚህ አባቷ በሞተ ማግስት የመጀመሪያ ሥራዋ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሆነ። ኦርጋን ተጫዋቹ ሚስተር ትሪሜል ሐዘኑን ሊገልጽ አፉን ሲከፍት አቋረጠችው።

«ዓርብ ለቀብሩ አንድ የጀርመኖች የድሮ መዝሙር ይጫወታሉ። የአባቴን ነገር እንዳያስቡት።»

«ብስክሌቱን እኮ ተለማምጄ ነበር ሚስ ታፕስኮት። ሰዉም ይጠብቀዋል...»

«ሚስተር ትሪሜል፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ ሻይ ቤት?»

ሰውየው ፂሙን እየጎነተለ አንገቱን ደፋ። ሄስተርም ረትቼ ገባሁ ብላ ተመለሰች። ለቀብሩ ከለንደን የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ በተለይ ዶክተር ፔንፎልድ አሉ። ያ ቂልልታ በእሳቸው ፊት፣ በሬሳ ላይ ሲንቃጨል ከምትሰማ እሷም እዚያው ብትቀበር ትመርጣለች።

አሁን እናቷ ወደ ሣጥኑ እያየች ስትተክዝ ነገሩ ገባትና «እማዬ፣ ስለ ዓርቡ ተነጋግረን ጨርሰናል» አለቻት።

«አንቺ ተናገርሽ፣ እኔ ሰማሁ። መነጋገር ይሄ ከሆነ አዎ፣ ጨርሰናል።»

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ፔንፎልድ መጡ። በወጣትነታቸው ከሬጂናልድ ጋር አንድ የሙዚቃ ኮሌጅ የተማሩ፣ ኋላም እዚያው ሄስተርን ያስተማሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ኦፔራ ይጽፋሉ፤ ከዓለም ጦርነቱ በፊት የጀመሩትን እስከ ዛሬ ይጽፋሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ይሁንና ያላለቀ ኦፔራ እንከን አይወጣለትም፤ እሳቸውም በዚያ ተከብረው ኖሩ። ሣጥኑ ፊት ቆመው ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑና ካም የሚባለው የአሳማ ሥጋ ወዳለበት ሳህን ዞሩ።

ሻይ የምታድለው ጎረቤታቸው ሚስስ ፖትል «እንዴት ያለ ሰው አጣን ዶክተር!» አለች። «ቅዳሜ የሬዲዮው የአትክልት ዝግጅት ሊጀምር ያቺ ዜማ ስትመጣ ባሌ ካለበት እየሮጠ ነው የሚመጣው። ከተጋባን ወዲህ የሮጠው ለእሷ ብቻ ነው።»

«አዎ፣ ሕዝቡ ይወደው ነበር» አሉ ፔንፎልድ። «ሕዝቡ» ሲሉ የረገጡትን ነገር ከጫማቸው የሚጠርጉ ይመስላሉ። «የሚያሳዝነው ተሰጥኦ ነበረው። ቢታገሥ ሲምፎኒ ይጽፍ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ዕድሜውን ብስኩት ሲጋግር ጨረሰው።»

ሚሊሰንት ቀና ሳትል «ካሙ እንዴት ነው ዶክተር?» አለች።

«ግሩም ነው፣ ግሩም!»

«በብስክሌቱ ገንዘብ የተገዛ ነው። ይጨምሩ።»

ሚስስ ፖትል ሳቋን ማፈን ስላቃታት ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሸሸች። ሄስተር ግን አልሳቀችም። ብስኩት የሚለው ስድብ የራሷ ነበር። ከኮሌጅ ለዕረፍት በመጣች ጊዜ ለአባቷ ያለችው እሷ ናት።

ያኔ አባቷ እንደ ልማዱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። ከጎኑ ድንች ይንተከተካል፣ አንገቱ ላይ የሩጫ ዳኞች የሚይዙት ዓይነት ሰዓት ተንጠልጥሏል። ያን ጊዜ የሸክላ አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ያህል ቢይዝ ነው፤ ሬጂናልድም የጻፈውን በአፉ እያዜመ በሰዓቱ ይለካዋል፣ ሲረዝምበት እንደ ልብስ ሰፊ ከመሐሉ ቆርጦ ጫፍና ጫፉን ያገጣጥመዋል። «ድንቹ ሳይበስል ጨረስኩት!» ብሎ ሲኩራራ ሄስተር አላስችል አላት።

«አባዬ፣ የአንተ እኮ ሙዚቃ አይደለም፣ ብስኩት ነው። ከሻይ ጋር ይበላል፣ ይረሳል።»

«ብስኩት የሚጠላ ሰው አይቼ አላውቅም» አለና ሳቀ። ብዙ ሳቀ። ከዚያ ድንቹን አወረደ።

አሁን ስድቡን ከፔንፎልድ አፍ ስትሰማው ከየት እንዳመጣችው ገባት። የኮሌጁ ክፍል ውስጥ፣ ከእኒሁ ሰውዬ ነው የሰማችው። አባቷን መናቅ የገዛ ርስቷ ይመስላት ነበር፤ ለካ የተዋሰችው ኖሯል። ፔንፎልድ ካም እያላመጡ ሲያወሩ ጉንጫቸው ላይ ስኒዋን ብትደፋባቸው ደስ ባላት፤ ግን የተማረች ሴት ናትና ስኳር አቀበለቻቸው።

እንግዶቹ ሲሄዱ እናትና ልጅ ስኒ ሊያጥቡ ወጥ ቤት ገቡ።

«ለዚያ ሰውዬ ብለሽ ነው አባትሽን በሰው መዝሙር የምትሸኚው» አለች ሚሊሰንት።

«ለማንም ብዬ አይደለም። የማላከብረውን ነገር ያከበርኩ መስዬ መቀመጥ አልችልም። ሥጋ ሻጩ ያፏጨዋል፣ የባቡር ትኬት ቆራጩ ያፏጨዋል፤ በእንቅልፌ እንኳ አውቀዋለሁ፣ ሰልችቶኛል!»

ሚሊሰንት የያዘችውን ስኒ አስቀመጠችው። «እስቲ መሐሉን አዚሚልኝ።»

«የቱን መሐል?»

«ሬዲዮኑ ከሚቆርጥበት ወዲያ ያለውን።»

ሄስተር በንቀት ፈገግ ብላ ጀመረች። ደወሉ ተደወለ፣ ብስክሌቱ ዳገቱን ተያያዘው፣ ጫፉ ላይ ወጣ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሙዚቃው ይደበዝዝና የአትክልት ባለሙያው «እንደምን ዋላችሁ?» ይላል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እዚያው ደርሳ ቆመች። ረጃጅም ሲምፎኒዎችን በቃሏ የምትወጣውን ሴት፣ ድንች እስኪበስል የተጻፈ ዜማ ዳገት ላይ ጥሏት ሄደ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ስትንቂው ኖርሽ» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ ቀዝቅዞ ነበር። «የናቅሽውን እንኳ ሰምተሽ አልጨረስሽም። እንዴት ያልሽ ሰነፍ ነሽ!»

ሄስተር በሕይወቷ ኩሩ ተብላለች፣ ደረቅ ተብላለች፤ ሰነፍ ተብላ ግን አታውቅም።

እውነትም ሰምታው አታውቅም። የባሕር ዳሩ ባንዶች ሕዝቡ የሚፈልገውን መጀመሪያውን ሁለቴ ነፍተው ያልፋሉ። ሸክላው ቤት ውስጥ ሲዞር ደግሞ እሷ በሩን ዘግታ ትወጣ ነበር። ዜማው በሬዲዮ የወጣ ሰሞን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የትምህርት ቤት ልጆች ባዩዋት ቁጥር ቂልል ይሉባታል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መምህሯ ቪዮላ ሰጥታት ነበር፤ እጅሽ ረጅም ነው፣ ደግሞም ሌላ የሚፈልገው የለም ብላ። እያለቀሰች ነበር ወደ ቤት የመጣችው።

«ቪዮላ ምን ታደርጋለች?» ብሎ ጠየቃት አባቷ፣ እንደማያውቅ ሆኖ።

«ምንም! ቫዮሊኖቹ ሲዘፍኑ እሷ ከሥር ጫ፣ ጫ፣ ጫ ትላለች። የአንተ ዜማዎች ላይማ ይብሳል። ማንም አይሰማትም!»

ሁልጊዜ የሚስቀው ሰው ያን ቀን አልሳቀም።

ሚሊሰንት እጇን አድርቃ ሸክላውን ከመደርደሪያው አወጣችና አስያዘቻት። ሄስተር ሳሎን ገብታ፣ ሣጥኑን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ መርፌውን አሳረፈች። ደወል፣ ዳገት፣ ቂልል፤ ሁሉም እንደ ጠበቀችው ርካሽና ደስተኛ ነው። ጫፉ ላይ ደረሰ። እንደምን ዋላችሁ የሚል የለም። ቫዮሊኖቹ ዝቅ አሉና እነሱ ራሳቸው ጫ፣ ጫ፣ ጫ ይሉ ጀመር። ዜማውን ቪዮላዎቹ ያዙት።

ዝግ ያለ፣ ድምፀ ወፍራም ዜማ ነበር። ትልቅ ሥራ አይደለም። ሄስተር እያለቀሰች እንኳ ይህን ለማወቅ ጆሮዋ አልደነዘዘም፤ ሁለተኛው ሐረግ ስኳር በዝቶበታል፣ የሸክላው ገጽ ሊያልቅ ስለ ሆነም ቶሎ ብሎ ወደ ብስክሌቱ ይመለሳል። ጣቶቿ ግን ሳታዛቸው ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ተሰማት። አንድም የሚያስቸግር ዝላይ የለበትም። እጀ ረጅም፣ ልምምድ የምትጠላ አንዲት ልጅ እንድትጫወተው በልኳ የተሰፋ ነበር።

ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ «ለምን አልነገረኝም?» አለች።

«ሊያሰማሽ ሲጠራሽ በሩን በላዩ ዘጋሽበት። ከኮሌጅ ስትመጪ ልንገራት ብሎ ነበር፤ ብስኩት አልሽው። ሦስተኛ ተንበርክኮ እንዲለምንሽ ነበር የፈለግሽው?»

ሐሙስ ጠዋት ሄስተር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሚስተር ትሪሜል የጀርመኖቹን መዝሙር እየተለማመደ ነው። ገብታ «ተሳስቻለሁ» ማለት ነበረባት። ከሦስት ቀን በፊት እንደ ተማሪ የገሠጸችው ሰው ፊት ቆማ፣ የአባቷን ሥራ ከነመሐሉ ማስረዳት ነበረባት። እግሯ እንቢ አላት። ግቢው ውስጥ የወደቀ ቅጠል የሚጠርጉትን ቄስ አየችና እፎይ አለች።

«አባታችን፣ ለሚስተር ትሪሜል ይንገሩልኝ፤ ነገ ብስክሌቱን ይጫወት።»

«ተመስገን! ደስ ይለዋል። ምነው፣ እዚያው ውስጥ ነው እኮ፣ ግቢና ንገሪው።»

«እቸኩላለሁ» አለችና ሄደች።

እቤት ስትደርስ እናቷ «የዜማውን ወረቀት ሰጠሽው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ተለማምጄዋለሁ ብሎኛል። ወረቀት የሌለው ኦርጋን ተጫዋች አለ እንዴ?»

ሚሊሰንት አየቻትና ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

ዓርብ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ፔንፎልድ የፊቱን ወንበር ይዘዋል። ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ወደ ኦርጋኑ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሚስተር ትሪሜልም ጀመረ። የሚስስ ፖትል ባል ጫማ ወለሉን መታ፣ መታ ያደርግ ጀመር። የሰዉ ፊት ፈካ። ፔንፎልድ ከንፈራቸውን አጣመሙ። ሄስተር ግን የፔንፎልድ ከንፈር ደንታም አልሰጣት፤ ዳገቱ ጫፍ እስኪደረስ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቅ ነበር። አሁን ይሰማሉ፣ አለች በልቧ። አሁን ሁሉም ይሰማል።

ሚስተር ትሪሜል ጫፉ ላይ ደረሰ። ከዚያ በታላቅ ጥንቃቄ ድምፁን ቀነሰ፣ አሁንም ቀነሰ፤ ሬዲዮኑ እንደሚያደበዝዘው አድርጎ አደበዘዘውና አቆመ። የኦርጋኑን ክዳን ዘጋ። ለካ የተለማመደው በየቅዳሜው ሬዲዮ ሥር ተቀምጦ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር መኖሩን ማን ነግሮት? ሊነግረው የሚገባው ሰው ቸኩሎ ነበር።

ሰዉ ተነሣ፣ ባርኔጣ ተፈለገ። ፔንፎልድ ወደ ሄስተር ጎንበስ ብለው «ደግነቱ አጭር ነው» አሉ።

«አላለቀም። ይቀመጡ።»

«ምን አልሽ?»

«ይቀመጡ አልኩዎት!»

ተቀመጡ። እሳቸውን አይቶ ሌላውም አንድ በአንድ ተቀመጠ። ሣጥኑን ሊያነሡ የመጡት ሰዎች ግራ ገብቷቸው ቄሱን አዩ፤ ቄሱም ሄስተርን አዩ። ሄስተር የእናቷን ክንድ ስባ ጭኗ ላይ አሳረፈችው፣ የእናቷን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችና የግራ እጇን ጣቶች እንደ ቪዮላ አንገት የእናቷ እጅ አንጓ ላይ ደረደረች። ቫዮሊኖቹ ዝቅ ከሚሉበት ጀመረች። ድምፅ የለም፤ ጣቶቿ ብቻ ይጫናሉ፣ ይለቃሉ፣ ይንሸራተታሉ። ሁለተኛው ሐረግ፣ ስኳር የበዛበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሚሊሰንት አወቀችውና ራሷን ቀስ እያለች ታወዛውዝ ጀመር። ቄሱ አሳሉ። ፔንፎልድ ሰዓታቸውን አዩ። ሄስተር አልቸኮለችም፤ እዚህ የሚያልቅ የሸክላ ገጽ የለም።

መጨረሻው ላይ ደርሳ ጣቶቿን አነሣች። ሚሊሰንት የቀላ አንጓዋን አየችው፤ ከዚያ እጅጌዋን ቀስ አድርጋ በላዩ አወረደችበትና ልጇን ደግፋ ተነሣች።