ኮሚሽኑ የተመሠረተ ዕለት

የሱሃይላ ስልክ እጇ ላይ እንደገና ሲንቀጠቀጥ፣ መድረኩ ላይ የቆመው ባለሥልጣን ስለ ሁለቱ ክልሎች ወንድማማችነት እያወራ ነበር። የፊተኛው ረድፍ ላይ ስላስቀመጧት ሳትታይ መውጣት አትችልም። አጎንብሳ፣ ሻሿን ወደ አፏ ስባ ስልኩን አነሳች።

«አዴ ሱሃይላ፣ ኬላው ላይ አናሳልፍም ብለውኛል» አለ ሾፌሯ ጫምሳ።

«የማለፊያ ወረቀቱን አላሳየሃቸውም?»

«አሳይቻለሁ። አሁን ተጨማሪ ፊርማ ያስፈልጋል ይላሉ። የሚፈርመው ሰውዬ ደግሞ ለስብሰባ አዳማ ሄዷል።»

«የምን ስብሰባ?»

«የንግድ ነው አሉኝ።»

ሱሃይላ ስልኩን ዘግታ ቀና አለች። ከመድረኩ በላይ በተወጠረው ጨርቅ ላይ በትልልቁ «የሁለቱ ክልሎች የንግድ ትስስር ማስፋፊያ ኮሚሽን»፣ ከሥሩም «አዳማ» ተብሎ ተጽፏል።

ከባቱ ቲማቲም እየጫነች፣ ከሻሸመኔ ወዲያ ወዳለው ጎረቤት ክልል መላክ የጀመረችው ባሏ በሕይወት ሳለ ነው። ያኔ ኮሚሽን አልነበረም፤ ኬላም አልነበረም። በኋላ ኬላው መጣ። ኬላውን የሚያጠና ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ግብረ ኃይሉን የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። ዛሬ ደግሞ ኮሚሽን። በየምሥረታው ላይ ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ቦርጫቸውና መኪናቸው ብቻ ያድጋል። እሷን የጠሯት ነጋዴዎችን ወክላ ምስጋና እንድታቀርብ ነው። ለምን እንደምታመሰግን ግን የነገራት የለም።

ለሻይ ዕረፍት ሲወጡ የሚፈርመውን ሰውዬ አገኘችው። አቶ ፈቃዱ የኬላዎቹ ኃላፊ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ የኮሚሽኑ ምክትል ሆኗል። ሳምቡሳ እየገመጠ ካሜራ የያዘውን ሰው በዓይኑ ይከተላል።

«አቶ ፈቃዱ፣ አይሱዙዬ ኬላ ላይ ቆሟል። የጫነው ቲማቲም ነው፤ በዚህ ፀሐይ እስከ ማታ አይቆይም። አንዴ ቢደውሉልኝ።»

«ወይዘሮ ሱሃይላ፣ በጣም ጥሩ ነጥብ ነው ያነሱት» አለ እያላመጠ። «ኮሚሽኑ የተቋቋመው እኮ ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው። በውይይቱ ሰዓት ቢያነሱት በቃለ ጉባኤ ይያዛል።»

«ቲማቲም ቃለ ጉባኤ አይጠብቅም።»

ፈቃዱ ሳቀ። ከንፈሩን በሶፍት ጠርጎ ጠጋ አላት።

«ይስሙኝ። ከዕረፍት በኋላ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት አይደል? ክቡር ኮሚሽነሩ ደስ ብሏቸው ይሂዱ። ኬላ ምናምን ሳያነሱ ሞቅ ያለ ምስጋና ያቅርቡልን። ልክ ከመድረክ ሲወርዱ እኔ እደውላለሁ። እንዲያውም ኮሚሽኑ ውስጥ ለነጋዴ ተወካይ አንድ ቦታ አለ። አበልም አለው።»

ትኩር ብላ አየችው። ሊጎዳት የፈለገ ሰው አይመስልም። ውለታ እየዋለላት እንደሆነ ከልቡ ያምናል። መኪናውን የሚያስቆመው እሱ፣ የሚለቀው እሱ፣ የሚመሰገነውም እሱ። ጥቂት እንኳ አለማፈሩ ከቲማቲሙ በላይ አንገበገባት።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ምስጋናውን በሆዷ ሞከረችው። ጭነቱ ከተበላሸ የባቱ ገበሬዎች ለሚቀጥለው ለቀማ ሌላ ነጋዴ ይፈልጋሉ፤ ይህን ታውቃለች። «ክቡራን እንግዶች» የሚለው አላስቸገራትም። «ለተደረገልን ሁሉ» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን አቋረጠችው። ዛሬ ብታመሰግን መኪናው ያልፋል። በሚቀጥለው ጭነት ያው የኬላ ገመድ ይወጠራል፤ እሷም ሌላ ምስጋና ይዛ ትመጣለች።

ወደ ጫምሳ ደወለች።

«አዙረው። ሻሸመኔ ግባ።»

«ሻሸመኔ ዛሬ ቲማቲም ሞልቷል፤ በርካሽ ነው የሚወስዱብን። ሰውየውን አላገኙትም?»

«አግኝቼዋለሁ። በሰጡህ ሽጠው። እኔም እየመጣሁ ነው።»

የመድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ጨበጠ። «አሁን የነጋዴውን ማኅበረሰብ ምስጋና የሚያቀርቡልን ወይዘሮ ሱሃይላ ናቸው። በሞቀ ጭብጨባ እንቀበላቸው» አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ሱሃይላ ቦርሳዋን አንግታ ተነሳች። ፈቃዱ ከመድረኩ ላይ ፈገግ ብሎ አንገቱን ነቀነቀላት። እሷ የመድረኩን ደረጃ አልፋ በጎን በር ወጣች። ከኋላዋ ጭብጨባው ቶሎ አልቆመም፤ ገሚሶቹ ማን እንደተጠራ እንኳ ቀና ብለው አላዩም።

ውጭ ፀሐዩ ይጋረፋል። ባጃጅ አስቁማ «መናኸሪያ» አለችው።

ባለባጃጁ በአዳራሹ በር ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ እያየ፣ «ስብሰባው አለቀ እንዴ እናቴ?» አላት።

«እነሱ ገና ምሳ አልበሉም» አለችና ገብታ ተቀመጠች።