ስካርቮይ ላይ ያልቆመችው መርከብ

የማርማላታው ማንኪያ ከበርገን ወደብ ከተነሱ ጀምሮ በቁርስ ጠረጴዛው ላይ ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር ሲንቀጫቀጭ ሰንብቶ ያን ዕለት ጠዋት ድንገት ዝም አለ። ጉንቮር መጀመሪያ ደስ አላት፤ ያ ድምፅ ጆሮዋን በልቶት ነበር። ዳቦዋ ላይ ቡናማውን የፍየል አይብ አድርጋ አንድ ሁለቴ ከጎረሰች በኋላ ነው ነገሩ የገባት። ዝም ያለችው መርከቧ ናት።

በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ባሕሩ የተኛ ነበር። እስካሁን ወደ ኋላ ሲሸሹ የነበሩት ተራሮች አሁን ቆመው መርከቧን ያዩዋታል። ጥቂት ቆይቶ የካፒቴኑ ድምፅ በድምፅ ማጉያው መጣ፤ እንቅልፍ የጠገበ ሰው የተረጋጋ ድምፅ ነበር።

«ክቡራን መንገደኞቻችን፣ መርከባችንን ከሚገፉት ሁለት ፕሮፔለሮች የግራው ሞተር ተበላሽቷል። አደጋ የለም። በቀኙ ብቻ ቀስ እያልን ትሮምሶ እንገባለን፤ እዚያ ይጠገናል። ወደ ጠባብ ወደቦች መግባት ስለማንችል የዛሬው የስካርቮይ ደሴት ቆይታችን ተሰርዟል። ስለ ችግሩ ይቅርታ እየጠየቅን፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ብርጭቆ ወይን ጋብዘናል።»

ስካርቮይን ከወይኑ ጋር በአንድ ትንፋሽ ነበር የጠራት።

«በአንድ እግሬ የምሄድ እኔ ብቻ መስሎኝ!» አለ ከፊት ለፊቷ የተቀመጠው ፕሬበን። ጡረታ የወጣ የዴንማርክ ጥርስ ሐኪም ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ምላሱን ግን ምንም አይነካውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተመድበው፣ እሱ ሲያወራ እሷ ስትሰማ ነው የከረሙት። ጉንቮር አልሳቀችም። ቢላዋን እንደያዘች ቀርታለች።

ስካርቮይ ላይ ወንድሟ ሲቨርት ሊሞት ነው። ከመጦሪያ ቤቱ ቱሪድ የምትባል ነርስ ደውላ «እኔ ብሆን ለነገ አላሳድረውም» ብላታለች። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ዕለት አውሮፕላን ተሳፍሮ በማግስቱ ከወንድሙ አልጋ አጠገብ በተቀመጠ ነበር። ጉንቮር ግን ሆነ ብላ መምጣት አልቻለችም። ሆነ ብሎ መምጣት ማለት ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ ወይም ይቅርታ ማድረግ፤ የትኛው እንደሆነ ራሷም አታውቀውም። ስለዚህ የማትወደውን የመርከብ ሽርሽር ቲኬት ገዛችና ለሲቨርት ደወለች። «ወደ ሰሜን ጉዞ አለኝ። መርከቧ እናንተ ጋ ትቆማለች፤ ሳልፍ ብቅ ልል እችላለሁ» አለችው። እሱም ትንሽ አሰበና «የምታልፊ ከሆነማ በሩ ክፍት ነው» አላት። ለብዙ ዘመን የተነጋገሩት ይህችን ብቻ ነው።

በዚያ ባሕር ዳር ያረጀ ጀልባ መጨረሻው እሳት ነው። በሰኔ፣ ፀሐይ በማትጠልቅበት ሰሞን፣ ደሴቱ ሁሉ ወጥቶ ደመራ ይደምራል፤ የበሰበሰ ጀልባ ያለው ጀልባውን ይሰጣል፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ደመራው ይቃጠላል። አንድ ዓመት ሲቨርት የሟች አባታቸውን ጀልባ ሰጠ። ጉንቮር ለዕረፍት ከበርገን ስትገባ እሳቱ ተያይዞ ነበር፤ አባቷ በየፀደዩ በእጁ ይቀባው የነበረው አረንጓዴ ጠርዝ ሲኮማተር በዓይኗ አየች። «አባታችንን ሁለተኛ ጊዜ ቀበርከው!» አለችው፣ አገር እየሰማ። እሱም አልማራትም። «ወለሉ ተቦርቡሮ ውኃ ሲጠጣ አንቺ የት ነበርሽ? በእንግድነት እየመጣሽ የወተት ክሬም በልተሽ የምትሄጂ!» አላት። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ መታረቅ ያቃታቸውም ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ በየገናው ካርድ ይላላካሉ፤ ካርዱ ላይ ከስማቸው በቀር አንዲት ቃል የለችም።

ጉንቮር ከገበታው ተነስታ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረደች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቷ የቆመው ወፍራም ሰውዬ የበረዶ ላይ የእግር ጉዞው ስለቀረበት ጠረጴዛውን እየደበደበ ይጮሃል፤ ከእሱ ቀጥላ ያለችው ሴት ደግሞ ትሮምሶ ላይ አውሮፕላን ያመልጠኛል ብላ ታለቅሳለች። ጉንቮር ለሁለቱም አፈረችላቸው። ተራዋ ሲደርስ ዮሩን የምትባለዋ አስተናጋጅ ፊቷ በድካም ቀልቶ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነው» አለች ጉንቮር። «ስካርቮይ መውረድ የፈለገ ሰው ቢኖር… በትንሿ ጀልባ ማድረስ አይቻልም?»

«ለድንገተኛ ጉዳይ ከሆነ ካፒቴኑን እጠይቅልዎታለሁ እማማ። ባሕሩም አሁን ጸጥ ብሏል። ምን ገጠመዎት?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ወንድሜ ሊሞት ነው፤ ከዚህ በላይ አይፈለግም። ነገር ግን ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል፣ ልጅቷ ደክሟታል፣ ጩኸቱም ገና ከጆሮዋ አልወጣም። ጉንቮር ያደገችው ባሏን ባሕር የበላባት ሴት እንኳ «እንዴት ነሽ?» ስትባል «ደኅና፣ ከዚህም ሊብስ ይችል ነበር» በምትልበት ደሴት ነው።

«አይ፣ የማውቀው ሰው አለ» አለች። «ትልቅ ነገር አይደለም።»

ልጅቷ አዝናላት የወይን ኩፖን ሰጠቻት።

ፕሬበን ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ይዞ አገኛት። እኩለ ቀን አልፏል። መርከቧ እንደ ሽማግሌ እያዘገመች ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ ነፋስ ተነስቶ የባሕሩ ፊት ነጭ ነጭ ማለት ጀምሯል።

«ማን ነው?» አላት።

«ማ?»

«ስካርቮይ ያለው። መስኮቱን በዓይንዎ ሲበሱት ነው የዋሉት። የድሮ ወዳጅ ነው አይደል? ይንገሩኝ፣ ሚስጥር እጠብቃለሁ፤ ከሁለት ሰው በላይ አልነግርም።»

«ወንድሜ ነው። ታሟል።»

«በጣም?»

«እንግዲህ… እየሞተ ነው።»

ፕሬበን ብርጭቆውን አስቀመጠ። ጨዋታው ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ይህን ነግረዋቸው ነው አይቻልም ያሉዎት?»

«ትልቅ ነገር አይደለም አልኳቸው።»

«አምላኬ!» አለ፤ ሳሎኑ ሁሉ ዞረ። «እናንተ ኖርዌዮች ቤታችሁ ሲቃጠል ጎረቤት እንዳይነቃ በሹክሹክታ ነው "እሳት" የምትሉት! ይነሱ! ይነሱ እንጂ፣ ምን ይጠብቃሉ?»

ጉንቮር ተናደደችበት። ሰው ፊት እንዲህ የጮኸባት ከሲቨርት በኋላ ማንም የለም። ከዚያ ግን ንዴቱ ራሱ አነሳት። ደረጃውን የወረደችው እየሮጠች ነበር ማለት ይቻላል።

ምክትል ካፒቴኑ ሃልቮር ከዮሩን ጋር ቆሞ ነበር። ጉንቮር ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ «ወንድሜ ስካርቮይ ላይ እየሞተ ነው፤ አውርዱኝ» አለችው። በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ ብላ ምንም ነገር ጠይቃ አታውቅም። ሃልቮር መጀመሪያ ልጅቷን አየ፣ ከዚያ በመስኮቱ ማዕበሉን አየ።

«ጠዋት ቢነግሩን ኖሮ…» አለና ተወው።

«ይጨርሱት።»

«ጠዋት ባሕሩ ጸጥ ብሎ ሳለ ቢሆን ቆመን በትንሿ ጀልባ ከዚያው እናደርስዎ ነበር። አሁን በአንድ ፕሮፔለር በዚህ ነፋስ መርከቧን አንድ ቦታ ይዤ ማቆየት አልችልም፤ ወደ ድንጋዩ ይገፋናል። ከደሴቱ ጀልባ ቢመጣም በዚህ ማዕበል ከጎናችን መጠጋት አይሆንለትም። ከትሮምሶ ነገ ማታ ጀልባ አለ። ቦታ አስይዝልዎታለሁ።»

«ነገ ማታ» አለች ጉንቮር።

«በደሴቱ ፊት ስናልፍ ቀስ እንላለን።»

ከዚህ የባሰ ቀስ ማለት ከየት ይመጣል? ልትስቅ ምንም አልቀራት። ዮሩን ግን አፏን በእጇ ሸፍና ቆማ ነበር፤ ጉንቮር ያቺን ልጅ ስታይ ልቧ ስንጥቅ አለ። ባሕሩም ሞተሩም አልከለከሏትም ነበር። የከለከለቻት እሷው ናት፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር።

ካፖርቷን ለብሳ ወደ ውጭ ወጣች። ስካርቮይ ከጭጋጉ ውስጥ ቀስ ብላ መጣች፤ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ቀዮቹ የጀልባ ቤቶች፣ ከእነሱ በላይ ደግሞ ባለ ሁለት ፎቁ ቢጫ መጦሪያ ቤት። ጉንቮር በደነዘዙ ጣቶቿ ደወለች። ያነሳችው ቱሪድ ናት።

«የት ነዎት? ከጠዋት ጀምሮ መስኮት ላይ ናቸው፤ ይተኙ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ይኸው፣ እሳቸው ራሳቸው…»

ስልኩ እጅ ሲቀያየር ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ከባድ ትንፋሽ ተሰማ።

«ትታየኛለች» አለ ሲቨርት፤ ሰላምታም የለ። ድምፁ ቀጥኗል፤ ግን የእሱ ነው። «አካሄዷ ልክ አይደለም። ወደ ግራ ትጎትታለች።»

«የግራው ሞተር ነው አሉ።»

«ሞተሩ ነው ወይስ የፕሮፔለሩ ዘንግ?»

«ሞተሩ ያሉ መሰለኝ።»

«ሞተር ከሆነ ይጠገናል።»

«አትቆምም ሲቨርት።»

ለመተንፈስ ጊዜ ወሰደ። «እሱማ ይታየኛል። በዚህ ነፋስ እኔም አላቆማትም። የሚነዳት ልጅ ሥራውን ያውቃል። እንግዲህ ሌላ ጊዜ ስታልፊ።»

ሌላ ጊዜ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ከኃፍረት ሊያድናት ብሎ ነው ይህን ማምለጫ የሰጣት፤ እሺ ብላ ስልኩን ብትዘጋ እንደ ጨዋ ሰው ተለያዩ ማለት ነው። ጉንቮር «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ሳልፍ አልነበረም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሳልፍ አልነበረም! ሽርሽርም አልወድም። አንተን ለማየት ነው የመጣሁት፣ ለሌላ ለምንም አይደለም። ጠዋት ብናገር ያወርዱኝ ነበር፤ አልተናገርኩም፣ አፍሬ…» ከዚያ በኋላ ያለው ልቅሶ ብቻ ሆነ። አጠገቧ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ነበሩ፤ አላፈረቻቸውም።

በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ሄደ፣ መጣ።

«አውቃለሁ» አላት ሲቨርት። «ቱሪድን ጠዋት ጢሜን ላጪኝ አልኳት። ለሚያልፍ ሰው ማን ይላጫል?»

ቢጫው ቤት አሁን ፊት ለፊቷ ነው። መስኮቶቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ሰማዩን መልሰው የሚያንጸባርቁ። ከአንዱ ኋላ ወንድሟ አለ።

«የትኛው ነህ?» አለችው። «የትኛው መስኮት ነህ?»

«ከላይኛው ፎቅ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ጀምሪና ቁጠሪ» አላት።

ጉንቮር ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች፤ እሱም ከወዲያ አብሯት ይቆጥራል። መርከቧ ከቤቱ ፊት ማለፍ ጀምራለች።