ሊቀመንበሩ ንግግር ያደረገበት ቀን

ልብስ ሰፊዋ ባሏን በልቧ «ሊቀመንበሩ» እያለች መጥራት ከጀመረች አራት ዓመት አልፏታል። ስሙን ያወጣችለት ሁለተኛ ልጃቸው በተወለደ ሰሞን ነው። ሕፃኑ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲያለቅስ፣ አባት ሶፋው ላይ እግሩን አጣምሮ እንደተቀመጠ፣ «ልጁ እያለቀሰ ነው፤ አንድ ነገር ቢደረግ ጥሩ ነው» አለ። ማን ያድርገው፣ ምን ያድርገው፣ እሱን አይመለከተውም። ሐሳብ አቅርቧል፤ የቀረው የጉባኤው ፈንታ ነው። ጉባኤው ደግሞ ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ አንዲት ሴት ናት።

ልጆቹ ሦስት ናቸው። የሰባት ዓመቷ ትልቋ፣ ጫማዋን ሁልጊዜ በአንድ እግሯ ብቻ የምታገኝ። የአራት ዓመቱ፣ ከአፉ «ለምን» የምትል ቃል ስለማትጠፋ ቤተሰቡ «ለምኔ» የሚለው። ሦስተኛው ገና በዳዴ የሚሄደው ማሙሽ ነው፤ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ በአፉ ይመረምራል።

ነገሩ የሆነው አንድ ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ በልጆቹ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር፤ ሊቀመንበሩም «የአባት ድርሻ በልጆች አስተዳደግ» በሚል ርዕስ ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዟል። እንዴት ተመረጠ ቢባል፣ ባለፈው ስብሰባ የታየ ብቸኛ ወንድ እሱ ስለነበረ ነው። የመጣውም የቤቱን ቁልፍ ረስቶ ከሚስቱ ሊቀበል ነበር። በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ሲጠቅሳት ርዕሰ መምህሯ አየችውና፣ «ይኸው፣ አባቶችም መምጣት ጀመሩ» ብላ አስጨበጨበችለት። እሱም ጭብጨባውን ተቀብሎ፣ ቁልፉንም ተቀብሎ ሄደ።

ግብዣው ከደረሰው ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ንግግሩን ሲለማመድ ሰነበተ። ቤቱ ውስጥ ያለው መስታወት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መታጠቢያ ቤት። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ሊቀመንበሩ ከውስጥ ቆልፎ «የተከበራችሁ ወላጆች» ሲል፣ ትልልቆቹ ሁለት ልጆች ከበሩ ውጭ ጭናቸውን ገጥመው ተሰልፈው ነበር።

«እማ፣ አባዬ ለምን ብቻውን ያወራል?» አለ ለምኔ።

«መስታወቱ ስለማያቋርጠው ነው።»

«ለምን አያቋርጠውም?»

«ጨዋ ስለሆነ። ና፣ ዳቦህን ብላ።»

እሷ እስከዚያ ድረስ እንቁላል ጠብሳለች፤ የትልቋን ፀጉር ጎንጉናለች፤ የቀረውን አንድ እግር ጫማ ከሶፋው ሥር በመጥረጊያ እንጨት ጎትታ አውጥታለች፤ ማሙሽ አፍ ውስጥ ገብቶ የነበረ የእርሳስ ቁራጭም አስተፍታለች። ሊቀመንበሩ ፊቱ አብረቅርቆ ወጣና ዙሪያውን ተመለከተ።

«ነጩ ሸሚዝ ተተኩሷል?»

«ራስህን ተኩሰሃል ወይ» ብሎ ሸሚዙን የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ማሙሽን በአንድ ጎኗ አቅፋ በሌላ እጇ ካውያውን አነሣች። አንገትጌውን ስትተኩስ እሱ ወረቀቱን ይዞ አጠገቧ ቆመ።

«ስሚ እስቲ፤ ‹አባት የቤት ምሰሶ ነው› ይሻላል ወይስ ‹አባት የቤት ጣሪያ ነው›?»

«ምሰሶ ይሻላል» አለች ዐይኗን ከሸሚዙ ሳታነሣ። «ምሰሶ ከቆመበት አይነቃነቅም።»

«ጥሩ ነው፤ ይሄንንም እጨምራለሁ» ብሎ ጻፈው። የምሩን ነው የጻፈው።

ከቤት ሲወጡ እሷ በሩን እስክትቆልፍ ማሙሽን አስያዘችው። በዚያች ደቂቃ ጎረቤታቸው ብቅ አለችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ልጅ ታቅፎ የሚወጣ ባል! ታድለሽ» አለቻት። ሊቀመንበሩ የማሙሽን ጉንጭ ሳመ፤ ጎረቤቲቱ ከአጥሩ እንዳለፈች ልጁን መለሰላትና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አመራ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እንዲህ ነው። እሷ ማሙሽን ለሞግዚቷ አስረክባ፣ ሁለቱን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ሥራ የገባችው እያለከለከች ነው።

የምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ጠባብ ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥጉ ላይ በመጋረጃ የተከለለ መለኪያ ክፍል አለው። የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ክር ሳይሆን ሰው የሚመዝኑ ሴት ናቸው።

«ዛሬ ንግግሩ ነው አይደል?» አሏት።

«ዛሬ ነው።»

«እንግዲህ ወሬ ለልጅ ከበጀ እናያለን» አሉና መቀሳቸውን አነሡ።

የሱሪ ወገብ እያሰፋች ነበር። የሱሪው ባለቤት ትናንት ሲያመጣው፣ «እጥበት ላይ ገብቶ ጠበበ» ብሎ ነበር። እጥበቱ ወገቡን ብቻ መርጦ እንዴት እንዳጠበበው አልጠየቀችም፤ ወንዶች ስለራሳቸው የሚሉትን ማመን ለሥራዋ አስፈላጊ አይደለም፤ ሥራዋ ወገቡን ሁለት ጣት ያህል መልቀቅ ብቻ ነው። ስፌቱን ፈትታ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የለምኔ መምህርት ናት።

«የለምኔ እናት፣ አይደንግጡ። አፍንጫው ውስጥ ዶቃ ከቷል። መጀመሪያ አባቱ ጋ ነበር የደወልነው።»

«ምን አለ?»

መምህርቷ ትንሽ አመነታች። «ሥራ ላይ ነኝ፤ አንድ ነገር ይደረግለት አሉ።»

ሰፊዋ መርፌዋን የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካችና ተነሣች። እትዬ ሱሪውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ለምኔን ይዛ ክሊኒክ ስትደርስ ከሁሉም ሰው ይበልጥ የተረጋጋው ልጁ ነበር። በመንገድ ላይ ዶቃው ቀይ እንደሆነ፣ የከተተውም ይገባ እንደሆነ ለማየት እንደሆነ አስረድቷታል። ነርሷ በባትሪ ብርሃን አየችውና፣ «መቆንጠጫ ከከተትን ወደ ውስጥ ይገፋል። አንቺ ታወጪዋለሽ፣ እህቴ» አለቻት። «ባዶውን ቀዳዳ በጣትሽ ዝጊው፤ አፍሽን አፉ ላይ አድርጊና አንድ ጊዜ እፍ በይ።»

እንደተባለችው አደረገች። ዶቃው ተስፈንጥሮ የነርሷ ነጭ ጋዋን ላይ አረፈ። ለምኔ በአድናቆት ተመለከተው።

«እማ፣ እንደገና እናድርገው?»

«አናደርገውም።»

«አባቱ ሩቅ ነው?» አለች ነርሷ ካርዱን እየሞላች።

«ቅርብ ነው። አባትነት ላይ ንግግር እያዘጋጀ ነው።»

ነርሷ ቀና ብላ አየቻት፤ ቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር፤ ፊቷን አይታ ተወችው።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ለምኔን ይዛ ወደ ስፌት ቤቱ ተመለሰች፤ እሱ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ የክር ጥቅልል ሲያማታ እሷ የሁለት ቀሚስ ጠርዝ ጨረሰች። ምሳዋን ቆማ በላች። ስምንት ተኩል ላይ ማሙሽን ከሞግዚቷ ወሰደች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱን አዝላ አንዱን ጎትታ ስብሰባው ደረሰች። ትልቋ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሜዳው ላይ እየተጫወተች ነበር፤ ደግሞ በአንድ እግር ጫማ።

ስብሰባው በሕፃናቱ ክፍል ነው፤ ወንበሮቹም የሕፃናት ናቸው። ጉልበቷ አገጭዋን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ከኋላ ተቀመጠች። ከፊት፣ ሰሌዳው አጠገብ፣ እሷ በተኮሰችው ሸሚዝ ሊቀመንበሩ ቆሟል። ድምፁ ያምራል፤ ይህን አትክደውም። ቀስ አድርጎ ይጀምራል፣ መሐል ላይ ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ እንደ ደወል ይለቀዋል። አባት የቤት ምሰሶ እንደሆነ፣ ምሰሶም ከቆመበት እንደማይነቃነቅ ተናገረ። ሁለት እናቶች ማስታወሻ ያዙ።

«ልጆች የአባታቸውን ድምፅ ይፈልጋሉ» አለ። «ሩቅ አልሄድም። ዛሬ ጠዋት እንኳ የአራት ዓመቱ ልጃችን አፍንጫው ውስጥ ዶቃ ገብቶበት፣ ሁላችንም እንደ ቤተሰብ ተረባርበን አወጣነው።»

ለምኔ አንገቱን አስግጎ አባቱን አየ፤ ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማ፣ አባዬ ነበረ እንዴ?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን...»

«ዝም ብለህ ስማው። ተረት ነው።»

ከፊቷ የተቀመጠችው ሴት በመሐረብ የዐይኗን ጥግ ነካካች። ሰፊዋ ያን መሐረብ ስታይ ቁጣ እንኳ አልመጣላትም። ቁጣ ለሚመጥን ሰው ነው። የተሰማት ሌላ ሰው የሰፋውን ልብስ ገልብጣ ስታይ፣ ላዩ ያማረ፣ ውስጡ ግን ክሩ ሁሉ የተንዘላዘለ ሆኖ ስታገኘው የሚሰማት ነገር ነው። ተረባርበን! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አለች በልቧ። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እሷ አላጨበጨበችም፤ ሁለቱም እጆቿ በልጅ ተይዘው ነበር።

ጭብጨባው ሲበርድ ርዕሰ መምህሯ ተነሣች። ትምህርት ቤቱ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ለትንንሾቹ ልጆች ለአንድ ሰዓት መጽሐፍ የሚያነብ ወላጅ እንደሚፈልግ ተናገረች። አሁን ዐይኑን ሲጠራርግ የነበረው ጉባኤ ሁሉ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። ሊቀመንበሩ ግን ገና ከጭብጨባው ሙቀት አልወጣም።

«ባለቤቴ ደስ ይላታል» አለ በለጋስ ፈገግታ። «ልጆች በጣም ትወዳለች።»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሰፊዋ ከትንሿ ወንበር ለመነሣት ጊዜ ወሰደባት፤ ማሙሽን ወደ ሌላኛው ጎኗ አዛወረች።

«ይቅርታ» አለች። «ባለቤቴ ትሑት ስለሆነ ነው እንጂ፣ ራሴ መጥቼ ለልጆቹ አነባለሁ ሲለኝ ነው የሰነበተው። አሁንም ሰምታችሁታል፤ ልጆች የአባት ድምፅ ይፈልጋሉ ብሏል። የኔን ድምፅማ ጠግበውታል።»

ሐሰት ነበር፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ርዕሰ መምህሯ ጭብጨባው ሳይበርድ ደብተሯን ከፍታ ስሙን ጻፈች። ሊቀመንበሩ የንግግሩን ወረቀት ገለጠ፤ ለዚህ የሚሆን መልስ የተጻፈበት ይመስል ከላይ እስከ ታች ፈለገ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ከክፍሉ ሲወጣም እንደጨበጠው ነበር። የሰፊዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «እኔ እኮ እንዲህ አላልኩም» አለ።

«አላልክም።»

«ታዲያ ለምን እንዲያ አልሽ?»

«አንተስ ደስ ይላታል ያልከው ለምንድን ነው?»

አሰበ። «ለቤተሰቡ ስም ብዬ ነዋ።»

«እኔም ለቤተሰቡ ስም ብዬ ነው» አለችና የትልቋን ጫማ ለማሰር ጎንበስ አለች።

ያን ምሽት ሩዝ እየቀቀለች፣ ለምኔን እያጠበች፣ የትልቋን የቤት ሥራ በአንድ ዐይኗ እያየች ደስታዋ ትንሽ በትንሽ ሲሟጠጥ ተሰማት። ንቀቷ ወደ ራሷም ዞረ። ማን ነው ያን ሸሚዝ የተኮሰው? ምሰሶ ይሻላል ብሎ የመከረውስ ማን ነው? ጎረቤቲቱ ታድለሽ ስትላት ፈገግ ያለችው እሷው ራሷ ናት። ልብስ ሰፊ ናትና፣ አንድ ልብስ ሲንጋደድ ጥፋቱ የለባሹ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ለካ ለዓመታት ስትቆርጠውና ስትሰፋው ኖራለች። ይህን ስታስብ ሩዙ ከሥር ያዘ። ሳታማርር ከላይ ከላዩ አወጣችና አቀረበችላቸው፤ ያረረውን ለሊቀመንበሩ አደረሰችው። በላው፤ ልዩነቱን አላወቀም።

ማክሰኞ ደረሰ። ጠዋት ሊቀመንበሩ የሥራ ስብሰባ እንዳለበት ተናገረ፤ እሷም «ለርዕሰ መምህሯ ደውለህ ንገራት፤ ስልኳ ይኸውልህ» አለችው። ስልኩን አየው፤ የተጨበጨበለትንም አስታወሰ መሰል፣ አልደወለም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሄደ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተመለሰ። ከረቫቱ ተፈትቷል፤ ሸሚዙ ላይ የትንሽ ልጅ መዳፍ በቀለም ታትሞበታል። ሶፋው ላይ ተዘረረና ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«እንዴት ነበር?» አለች እሷ፤ ማሙሽን ሾርባ እያጎረሰች።

«አንድ ደቂቃ ዝም አይሉም» አለ። «አንዱን ስታስቀምጪ አንዱ ይነሣል። አንዷ ሽንቴ መጣ አለች፤ ስወስዳት ሌላው መጽሐፉን ቀደደው። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንድም ሰው አመሰግናለሁ አላለኝም፤ ታምኛለሽ?»

ሰፊዋ የማሙሽን አገጭ ጠረገች። ብዙ ነገር ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ፤ አንዱም ግን የሚገባው አልመሰላትም። ማሙሽን ከነሾርባው አንሥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና ማንኪያውን አስጨበጠችው።

«ልብስ ላስገባ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ገመዱ ላይ የነበረው አራት ካልሲና አንድ አንሶላ ብቻ ነው። ከውስጥ የማሙሽ ለቅሶ፣ ከዚያም የሊቀመንበሩ ድምፅ ተሰማ፤ «አንቺ፣ ሾርባው ፈሰሰ» ይላል። እሷ አንሶላውን አወረደች፤ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ አጠፈችው፤ አልተስተካከለም ብላ ፈታችና እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ አጠፈችው።