የአይደፈር አምባ በር

ዝናር ይመስላል፣ ከሩቅ ሲያዩት። በጀግና ወገብ ላይ ሁለት ዙር የተጠመጠመ ዝናር… የአይደፈር አምባ የድንጋይ ቅጥር።

ደመና እንኳ ፈቃድ ጠይቆ ነበር የሚያልፈው፤ ንስር እንኳ ዞሮ። እንዲህ ይላል አንዳርጌ፤ እንዲህም ነበር፣ እሱ ካለ።

ማን አለፈው? ማንም።

አንዳርጌ ሃምሳን የተሻገረ፣ ጢሙ ቀድሞት ቤት የሚገባ ሰው ነው። ቅድመ አያቶቹ ያን ቅጥር እንዴት እንደ ገነቡ ሲያወራ፣ ድንጋዩ በሰባ በሬ ይጎተታል፤ ጭቃው በዓባይ ውኃ ይቦካል፤ ጠላት እንደ አንበጣ ይመጣል፣ እንደ አንበጣም ይረግፋል። ትናንት ሰባ የነበረው በሬ ዛሬ መቶ ነው። ማን ይቆጥራል? በሬዎቹ እንደሆነ ሞተዋል።

ክብሩም በወሬው ልክ ነው። በሰርግ ከድግሱ ራስ የሚቀመጥ እሱ። በሽምግልና የመጨረሻውን ቃል የሚናገር እሱ። ክረምት ሲወጣም ከሁሉ ቀድሞ ድንጋይ የሚያኖር እሱ።

ልማድ ነውና… በየዓመቱ አገሩ ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል፤ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ይደረድራል። የአንዳርጌ ዘር ያስቀድማል፤ ከዚያም ይጮኻል፦ «ማን አለፈው?» አገሩም ይመልሳል፦ «ማንም!»

በጋ ሲገባ ዶክተር ማኅደር መጣች፤ የጥንት ፍርስራሽ የምትመረምር። የጠራት ራሱ ነው፤ ወረዳ ድረስ ወርዶ፣ ከቢሮ ቢሮ ደጅ ጠንቶ።

«ቆፍሪው፣ ልጄ» አላት። «ዓለም ይስማ። የእኔን አያቶች የማያውቅ ዓለም፣ እሱም ዓለም ተብሎ!»

ቆፈረች። አፈሩን እንደ ቁስል ጨርቅ ቀስ እያለች ገለጠችው። ከበሩ ግራና ቀኝ የትውልዱን ድንጋይ አነሳች፤ የእሱን፣ የአባቱን፣ የአባቱን አባት… ከዚያ ሁሉ ድንጋይ ኋላ የጥንቱ በር ገጽ ታየ።

ማኅደር ወደ መቃኑ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ይህን አይተውታል?» በሁለቱም መቃኖች ላይ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ተፈልፍሏል። «የመወርወሪያው ማስገቢያ ነው።»

«ታዲያስ! መወርወሪያ የሌለው በር አለ እንዴ?»

«በውጭ በኩል እኮ ነው፣ ጋሼ።»

…

ቀዳዳውን እያሳየች ቀጠለች፦ «ጠላት የሚፈራ ሰው በሩን ከውስጥ ነው የሚቀረቅረው። ይህ የሚቀረቀረው ከውጭ ነው። ጥልቅ ቦይም አገኘን፤ ጠላት ለመከልከል ከቅጥሩ ውጭ መሆን ሲገባው ከውስጥ ነው የተቆፈረው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው እንዳይገባ አይደለም የተሠራው። እንዳይወጣ ነው።»

ማን አለፈው?…

«ማን ሠራው ታዲያ?» አላት። ድምፁ የእሱ አልነበረም፤ ከሰባው በሬ አንድ ጥጃ እንኳ አልቀረለትም።

«ድንጋይ ስም አይነግረንም። ምናልባት ያጎሩት። ምናልባትም የታጎሩት ራሳቸው… ተገደው።»

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ከአምባው ወረደ። ጠላ ቤት ውስጥ ምንውየለት ጠበቀው፤ የልጅነት ጓደኛው፣ ዕድሜውን ሙሉ የእነዚያን በሬዎች መብዛት ሲሰማ የኖረ።

«አንዳርጌ! አያትህ ከውጭ ነበሩ ወይስ ከውስጥ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ንገረና! ቆላፊ ነበሩ ተቆላፊ?»

ከውጭ ቢል፣ የሰው አጎሪ ዘር። ከውስጥ ቢል፣ የታጎረ ዘር። ተራራ ሲያረግዝ የኖረ አፍ አንዲት ቃል መውለድ አቃተው። ጠላውን ሳይጨርስ ወጣ።

ክረምት ገባ፤ ክረምት ወጣ። ድንጋይ የማኖሪያው ቀን ደረሰ። አገሩ ተሸክሞ ወጣ። ምንውየለትም ወጣ፣ ከሁሉ ትልቁን ተሸክሞ። ስለ ቀዳዳው ያነሳ የለም። ሁሉም አንዳርጌን ያያል።

«ያስቀድሙ እንጂ፣ ጋሼ!» አለ አንዱ ከሕዝቡ መካከል።

ድንጋዩ ትከሻው ላይ እንዳለ፣ እጁን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። ለስልሷል… ስንት ማታ ተቀርቅሮ፣ ስንት ማለዳ ተከፍቶ። ከዚያ እጁን በበሩ አሻግሮ በውስጥ በኩል መቃኑን ዳሰሰ።

እሱም ለስልሷል። የመዳፍ ነው፣ ለመውጣት የመግፋት።

ለስልሷል በዚህ፣ ለስልሷል በዚያ።

ማኅደር ራቅ ብላ ቆማለች። «ጋሼ…» አለች።

ድንጋዩን አወረደ። ቀዳዳው አፍ ላይ አኖረው… ደኅና አድርጎ፣ እንዳይንሸራተት በጠጠር አጥብቆ።

ምንውየለት የራሱን አስከተለ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አገሩ ሁሉ፣ እየተጣደፈ፣ እየተገፋፋ… እንደዚያ ዓመት ተጣድፎ አያውቅም አገሩ።

የቀረው ጥሪው ብቻ ነው። አንዳርጌ አፉን ከፈተ። ደመናው ቆመለት፣ ንስሩ ዞረለት፤ ቃሉ ግን አልወጣለትም።

አገሩ ለምዶታል። ሳይጠየቅ መለሰ፦

«ማንም!»

አንዳርጌ ከአምባው ግርጌ ካለው ወንዝ ማዶ ሲደርስ ዞሮ ቅጥሩን አየው። ፀሐይ ከአምባው ኋላ እየገባች ነበር። የአይደፈር አምባ የድንጋይ ቅጥር… ሁለት ዙር የተጠመጠመ…

እግረ ሙቅ ይመስላል፣ ከሩቅ ሲያዩት።